ክሮንስ ሲያገረሽ የምርመራ ውጤትን እንዴት እናንብብ?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ወረቀት ነው። የክሮንስ ሕመም ያለበት ሰው ቁርጠቱ ሲነሳበት፣ ተቅማጡ ሲመለስበት፣ ክብደቱ ሲቀንስ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ደምና ሰገራ ይሰጣል። ከዚያ ከላቦራቶሪ ወረቀት ይቀበላል፤ ውጭ አገር ከሆነም ውጤቱ በስልኩ ይደርሰዋል። ወረቀቱ በቁጥር የተሞላ ነው፤ ከአንዳንዱ ቁጥር አጠገብ "ከፍ ብሏል" ወይም "ዝቅ ብሏል" የሚል ምልክት አለ። ሐኪሙን እስኪያገኝ ያለው ጊዜ ጭንቅ ነው። ምልክቱን ያየ "አለቀልኝ" ይላል፤ ምልክት ያጣ ደግሞ "ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕመም ከየት መጣ?" ብሎ ራሱን ይጠራጠራል።

ሁለቱም ጭንቀቶች የሚመጡት አንድን ቁጥር ለብቻው ነጥሎ ከማየት ነው። በክሮንስ ሕመም ማንኛውም ውጤት ከሦስት ነገሮች ጋር ተያይቶ ነው የሚነበበው፦ ከራሳችሁ የቀድሞ ውጤት ጋር፣ አብረውት ከተሠሩት ሌሎች ምርመራዎች ጋር፣ እና ሰውነታችሁ ከሚነግራችሁ ነገር ጋር። ዛሬ የማስረዳችሁ እያንዳንዱ ምርመራ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ነው፤ እዚህ የምትሰሙት ከሐኪማችሁ ጋር በእውቀት እንድትመካከሩ እንጂ ሐኪማችሁን እንድትተኩ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1932 ኒውዮርክ በሚገኘው ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የነበሩት በሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር የትንሹን አንጀት መጨረሻ የሚያቆስልና የሚያጠብ ሕመም በጽሑፍ አሳወቁ። ዛሬ ሕመሙ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ ባለው መንገድ ሁሉ ሊከሰት እንደሚችል እናውቃለን። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አንጀት ሲያስቆጣ የሚመጣ የረጅም ጊዜ ሕመም ነው። ሁለት ጠባዮቹን አስታውሱልኝ። አንደኛ፣ አንጀቱን የሚያጠቃው እየዘለለ ነው፤ አንዱ ክፍል ቆስሎ ቀጥሎ ያለው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የአንጀቱ መቆጣት፣ ማለትም ብግነቱ፣ ከላይኛው ሽፋን አልፎ የአንጀቱን ግድግዳ ሙሉ ውፍረት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ነው መጥበብ፣ መግል መቋጠርና ፊስቱላ የሚባለው ተፈጥሯዊ ያልሆነ ቀዳዳ የሚመጡት።

ሕመምተኛው የሚሰማው ስሜትና አንጀቱ ውስጥ ያለው ብግነት ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ደኅና ነኝ የሚል ሰው አንጀቱ ቆስሎ ሊገኝ ይችላል፤ በሕመም የሚሰቃይ ሰው ደግሞ ብግነቱ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ካልም የሚባል ጥናት በምልክት ብቻ መመራት እንደማይበቃ አሳይቷል። 244 ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን መድኃኒት የሚጨመረው ምልክቶቹን በማየት ብቻ ነበር፤ በሌላኛው ቡድን ግን ከምልክቶቹ በተጨማሪ ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራና ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ምርመራ ይታይ ነበር። ከ48 ሳምንት በኋላ አንጀታቸው የዳነላቸው በመጀመሪያው ቡድን 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 46 በመቶ ሆኑ። ምርመራ የሚታዘዝላችሁ ለወግ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱ። በአግባቡ ከተነበበ አንጀት ያድናል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ፤ ከሲአርፒ እንጀምር። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲነሳ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። በፍጥነት ይጨምራል፤ ምክንያቱ ሲወገድም በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ፈጥኖ ይወርዳል። ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን በቀናት ውስጥ ለመከታተል የሚመቸው ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ሲአርፒ በሰፈር ውስጥ እንደሚሰማ ኡኡታ ነው፤ አንድ ነገር መድረሱን ያሳውቃል፣ በማን ቤት እንደደረሰ ግን አይናገርም። የሳንባ ምች፣ የጥርስ መግል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሁሉ ከፍ ያደርጉታል። በሌላ በኩል ክሮንስ በግልጽ ተነስቶባቸው እያለ ሲአርፒያቸው የማይጨምር ሕሙማን አሉ፤ በተለይ ሕመሙ በትንሹ አንጀት ብቻ ሲወሰን ይህ ይታያል። ስለዚህ ሕመማችሁ በታወቀ ብግነት በተነሳበት ጊዜ ሲአርፒያችሁ ስንት እንደነበረ ጠይቃችሁ እወቁ። ያኔ ከፍ ብሎ ከነበረ ለእናንተ ጥሩ መስካሪ ነው። ያኔም ዝም ብሎ ከነበረ ዛሬ ዝም ማለቱ አያዘናጋችሁ።

አሃዱንም ተመልከቱ። አንዳንድ ላቦራቶሪ ሲአርፒን በሚሊግራም በሊትር፣ ሌላው በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፤ በሁለቱ መካከል የአሥር እጥፍ ልዩነት አለ። በአንዱ 30 ተብሎ የተጻፈው በሌላው 3 ነው። ከአገር ወደ አገር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ ይህን ያላየ ሰው "በጣም ወረደልኝ" ብሎ በከንቱ ሊደሰት፣ ወይም "አሥር እጥፍ ጨመረብኝ" ብሎ በከንቱ ሊደነግጥ ይችላል።

ኢኤስአር የሚባለው ምርመራ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች በቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚዘቅጡ ይለካል። ርካሽ ስለሆነ በብዙ ጤና ተቋም ይገኛል። ነገር ግን ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል። ዕድሜ፣ እርግዝናና ደም ማነስ ራሳቸው ከፍ ያደርጉታል። የክሮንስ ሕሙማን ደግሞ ብዙ ጊዜ ደም ማነስ አለባቸው። ስለዚህ ሲአርፒ ወርዶ ኢኤስአር ገና ከፍ እንዳለ ብታዩ ሕክምናው ከሸፈ ማለት ላይሆን ይችላል።

ከደም ምርመራ ይልቅ ወደ አንጀቱ የሚቀርበው የሰገራው ካልፕሮቴክቲን ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይህን ፕሮቲን በብዛት ይይዛሉ፤ አንጀት ሲቆጣ ወደዚያ ይጎርፋሉ፣ ፕሮቲኑም ከሰገራ ጋር ይወጣል። በአብዛኛው ላቦራቶሪ ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች የሆነ ውጤት ብግነት የለም ያሰኛል፤ ከ250 በላይ የሆነ ደግሞ ብግነት መኖሩን አጥብቆ ያመለክታል። በመካከል ያለው የጥርጣሬ ቀጠና ነው፤ እዚያ ላይ ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድገሙት ቢላችሁ ቸል አለኝ አትበሉ፤ ትክክለኛው አካሄድ እሱ ነው።

ካልፕሮቴክቲንም ቢሆን ብግነቱን ክሮንስ አመጣው ወይስ ተህዋስ አመጣው ብሎ አይለይም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ከፍ ያደርጉታል፤ አንዳንድ የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎችም እንዲሁ። በእኛ ዘንድ ራስ ባመመ፣ ወገብ ባመመ ቁጥር ዳይክሎፌናክ መግዛት የተለመደ ነው። የክሮንስ ሕመምተኛ ይህን ልማድ መተው አለበት፤ መድኃኒቱ ውጤቱን ከማዛባት አልፎ አንጀቱን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። በተጨማሪም ቁጥሩ በአንድ ሰው ላይ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል፤ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪም የመለኪያው ዘዴ ይለያያል። ከ300 ወደ 340 ቢሄድ ብዙ ትርጉም የለውም፤ ከ80 ወደ 900 ቢሄድ ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪም የሚነገር ነው። ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ አሠሩት።

ቀጥሎ የምናገረው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ክብደት አለው። ተቅማጥ በተነሳ ቁጥር "ክሮንሱ አገረሸ" ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ክሮንስ ያለበት ሰው እንደማንኛውም ሰው ኢንፌክሽን ይይዘዋል፤ ምልክቱም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ የብግነት ምርመራ ሲታዘዝ የተህዋስ ምርመራም አብሮ መሠራት አለበት። በተለይ አንቲባዮቲክ የወሰደ ወይም ሆስፒታል የተኛ ሰው ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ሊፈለግበት ይገባል።

አሜባን እንውሰድ። በአገራችን ብዙ የክሮንስ ሕሙማን ሕመማቸው ከመታወቁ በፊት አሜባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባሉ ደጋግመው መድኃኒት ወስደዋል። በሌላ በኩል በእውነት አሜባ ያለበትን አንጀት ክሮንስ ነው ብሎ የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት መስጠት አንጀት እስከ መበሳት የሚያደርስ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። "አሜባ ታየ" የሚል ውጤትም ጉዳዩን አይዘጋውም፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንጀት የሚያቆስለው አሜባና ጉዳት የማያደርሰው ዘመዱ መልካቸው አንድ ነው። የሚለያቸው የአንቲጅን ወይም የዘረመል ምርመራ ነው።

ከአሜባ የከበደው የአንጀት ቲቢ ነው። ቲቢ አንጀትን ሲይዝ ክሮንስ የሚወደውን ቦታ፣ ማለትም ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ስፍራ ይወዳል። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ያተኩሳሉ፣ ሁለቱም አንጀት ያጠባሉ፣ ሁለቱም ሲአርፒን ከፍ ያደርጋሉ። የደረት ራጅ ንጹሕ መሆኑ ብቻ የአንጀት ቲቢ የለም አያሰኝም። ለመለየት የአንጀት ናሙና፣ ምስል፣ አንዳንድ ጊዜም ከባድ የባለሙያ ምክክር ያስፈልጋል። ሐኪማችሁ ጊዜ ቢወስድ ይህን አስቡ፤ የክሮንስ መድኃኒት የመከላከያ ኃይልን ስለሚያዳክም ቲቢን ሊያባብስ ይችላል። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ከመጀመራቸው በፊት ለተደበቀ ቲቢና ለጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል የምትታከሙ ወገኖች ከየት እንደመጣችሁና በቤተሰባችሁ ቲቢ ታሞ የሚያውቅ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ወደ ሲቢሲ፣ ማለትም ወደ ጠቅላላ የደም ቆጠራው እንለፍ። ሄሞግሎቢን በአዋቂ ወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። በክሮንስ ሕመም ደም የሚያንሰው በብዙ መንገድ ነው፤ ደም በአንጀት ይፈሳል፣ አይረን በደንብ አይመጠጥም፣ ብግነቱ ራሱ ሰውነት ያለውን አይረን እንዳይጠቀምበት ይቆልፍበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቁጥር ፌሪቲን ነው። ፌሪቲን የአይረን ማከማቻን ያሳያል፤ ብግነት ሲኖር ግን አይረን ሳይኖርም ይጨምራል። ብግነት በሌለበት ጊዜ ከ30 በታች የሆነ ፌሪቲን የአይረን እጥረት ምልክት ነው። ብግነት ባለበት ጊዜ ግን እስከ 100 ድረስ ያለ ፌሪቲን እጥረትን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ "ደኅና ነው" እያለ እናንተ ከደከማችሁ፣ ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባለው ምርመራ አብሮ እንዲታይ ጠይቁ።

ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት በብግነት ጊዜ ከ450 ሺህ በላይ ሊወጣ ይችላል። አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ በብግነት ጊዜ ይወርዳል፤ ሰዎች "ምግብ ስላነሰኝ ነው" ብለው ያልፉታል፤ ብዙ ጊዜ ግን የብግነቱ ክብደት መለኪያ ነው። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ክፍል የቆሰለበት ወይም በቀዶ ሕክምና የተወገደለት ሰው ሊጎድለው ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ስለሆነ ረጅም ጾም የሚጾም ሕመምተኛ ጾሙን ለሐኪሙ ይንገር።

ነጭ የደም ሴሎችን በተመለከተ መድኃኒታችሁን ሳታስቡ ቁጥሩን አትተርጉሙ። ፕሬድኒሶሎን ኢንፌክሽን ሳይኖር ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ አዛታዮፕሪን የሚባለው ሌላው የክሮንስ መድኃኒት ደግሞ ዝቅ ያደርጋል፣ አንዳንዴም በአደገኛ መጠን። እዚህም ላይ የእኛን የሚመለከት ነገር አለ። ከአፍሪካ የዘር ግንድ ባላቸው ብዙ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያውያንም መካከል፣ ኒውትሮፊል በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ይህ ዳፊ ከሚባለው የደም ጠባይ ጋር የተያያዘ ሲሆን በሽታ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሐኪም መድኃኒቱ የደም ሴል ጨረሰ ብሎ የሚጠቅማችሁን መድኃኒት ሊያቆምባችሁ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መድኃኒት ከመጀመራችሁ በፊት የተሠራውን ሲቢሲ ጠብቃችሁ ያዙ። ከድሮም ዝቅተኛ ከነበረ ወረቀቱ ይመሰክርላችኋል፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ከወረደ ደግሞ በጊዜ ይታወቃል።

ስለ "ትክክለኛ ክልል" አንድ ነገር ላክል። ላቦራቶሪዎች ክልሉን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ 95 በመቶው ጤነኛ ሰው የሚገኝበትን መጠን ወስደው ነው። ስለዚህ ከሃያ ጤነኛ ሰው አንዱ ከክልሉ ውጭ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ሃያ ምርመራ የሚደረግለት ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንድ ምልክት የማግኘት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። በትንሹ ወጣ ያለ አንድ ቁጥር እንቅልፍ አይንሳችሁ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ብዙ ቁጥሮች በአንድ አቅጣጫ ሲጓዙ ነው፤ ሲአርፒና ፕሌትሌት እየጨመሩ አልቡሚንና ሄሞግሎቢን እየወረዱ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው።

ውጤቱ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሕመሙ ግን አልለቅ ሲልስ? ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ "ምንም የለህም" ተብሎ የሚመለስ ሕመምተኛ ዋሸህ የተባለ ያህል ይሰማዋል። ሕመማችሁ እውነት ነው። ብግነቱ ቀዝቅዞ የቀድሞው ቁስል ጠባሳ አንጀቱን አጥብቦት ሊሆን ይችላል፤ ጠባሳ ሲአርፒንም ካልፕሮቴክቲንንም ላይጨምር ይችላል። የሐሞት አሲድ በሚገባ ካልተመጠጠ ተቅማጥ ያመጣል። ብግነት ያለፈበት አንጀት በቀላሉ ቁርጠት የሚነሳበት ሆኖ ሊቀርም ይችላል። ለእያንዳንዱ የየራሱ ሕክምና አለው፤ ለአንዳቸውም ግን መፍትሔው ፕሬድኒሶሎን መጨመር አይደለም። ደኅና የሆነ ውጤት የማያስፈልግ መድኃኒት ከመውሰድ ያድናችኋል፤ ፍለጋውንም ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራዋል። ፍለጋው ወደ አልትራሳውንድ፣ ወደ ኤምአርአይ ወይም ወደ ኮሎኖስኮፒ ሊወስድ ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ በአልትራሳውንድ የአንጀቱን ግድግዳ ውፍረት መለካት ይችላል፤ ከ3 ሚሊሜትር በላይ መወፈሩ ብግነትን ያጠራጥራል። ካልፕሮቴክቲን በማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው።

ተቃራኒውም አለ፤ ደኅና እየተሰማችሁ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። "እኔ ተሽሎኛል፣ መድኃኒት ሰለቸኝ" ብሎ ማቋረጥ የሚፈትነው ያኔ ነው። እየጨመረ የሚሄድ ካልፕሮቴክቲን ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት ማገርሸቱን ሊጠቁም ይችላል፤ ያንን ጊዜ ሐኪማችሁን ለማማከር ተጠቀሙበት። ፕሬድኒሶሎንን በገዛ ፈቃድ በድንገት ማቆም ደግሞ ለብቻው ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ነው።

ወረቀት የማይጠበቅበት ጊዜም አለ። ሆድ ተነፍቶ የሚያስመልስ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ያለው፣ ትኩሳት ከኃይለኛ የሆድ ሕመም ጋር የያዘው፣ ብዙ ደም የሚወርደው፣ ሲነሳ ራሱን የሚስት ሰው ውጤት እስኪመጣ ቤት አይቀመጥ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

እንግዲህ ከዚህ ወጥታችሁ የምትሠሩትን ልንገራችሁ። አንድ ማኅደር አዘጋጁ፤ ውጤቶቻችሁን ሁሉ፣ ደኅና የነበራችሁበትን ጊዜ ጭምር፣ በየቀናቸው አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ በዚያን ሳምንት ምን እንደተሰማችሁ፣ ምን መድኃኒት፣ ምን የሕመም ማስታገሻ፣ ምን አንቲባዮቲክ እንደወሰዳችሁ ጻፉ። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከባለፈው ውጤቴ አንጻር ወዴት እየሄደ ነው? ኢንፌክሽን አለመሆኑ ተረጋግጧል? ይህ ውጤት ሕክምናዬን ይለውጠዋል ወይ?

አስታማሚዎች ሆይ፣ በባህላችን ስለ ሰገራ መናገር ያሳፍራል፤ ብዙ ወጣት ደም እያየ ለወራት ዝም የሚለው በዚህ ነው። በቤታችሁ ይህን ነገር ያለ እፍረት የሚነገር አድርጉት። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጓቸው። ልጅ ለእናቱ አዝኖ ከባዱን ቃል ሊያቀልላት ይችላል፣ እናትም በልጇ ፊት ሕመሟን ትደብቃለች። የሠለጠነ አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ።

የሕክምና ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ ለሕመምተኛው ወረቀቱን ከመስጠታችን በፊት ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብለን የትኛው ቁጥር እንደሚያሳስበንና የትኛው እንደማያሳስበን እንንገረው። ሕመምተኞች ሆይ፣ እናንተም እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ሳታፍሩ ጠይቁ። ይህ ሕመም ከእናንተ ጋር ዓመታት ይቆያል፤ ሐኪምም፣ ከተማም፣ አገርም ሊቀየር ይችላል። ከሕመሙ ታሪክ ጋር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮ የሚኖረው ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ስለዚህ ውጤታችሁን እወቁት፣ ያዙት፣ ጠይቁበት።